ሎዌና ትሬዚዝና የአባቷ እጅ

ዴንዚል ትሬዚዝ ክፉ አፍ ነበረው። ይህን የምለው ስሙን ለማጥፋት አይደለም፤ ራሱም ቢጠየቅ አይክድም፣ እንዲያውም ይኮራበታል። እሑድ ጠዋት፣ ነፋሱ ከሰሜን ሲሆንና ባሕሩ ሲተኛ፣ ፒክአፑን ከመንደራችን ከፖርት ኬሪን በታች ባለው የድንጋይ ዳርቻ ያቆማል፤ የኋላ መዝጊያውን ዘርግቶ እዚያ ላይ ይቀመጥና ጀማሪዎችን ይጠብቃል። ጀማሪዎቹ ከከተማ ነው የሚመጡት። በሞቀ ገንዳ ውስጥ ተምረው፣ ከጀልባ ላይ ሁለት ሦስቴ ዘለው፣ የመጥለቅ ፈቃዳቸውን የተቀበሉ ናቸው። ከባሕር ዳር በእግር ገብቶ መጥለቅ ግን ሌላ ነገር ነው። መሰላል የለም፣ እጅ ይዞ የሚያወጣ መርከበኛ የለም። ሰው ያን ሁሉ ብረትና እርሳስ ተሸክሞ በሚያንሸራትት ድንጋይ ይወርዳል፣ በዚያው ይወጣል።

"እናንተ የገንዳ ዳክዬዎች!" ይላቸዋል ገና ከመኪና ሳይወርዱ። "ዕቃውን ተዉትና መጀመሪያ ባሕሩን እዩ! ዕቃችሁን ማን ይወስድባችኋል? ማዕበል ተራ ጠብቆ ነው የሚመጣው። ትንንሾቹ ያልፋሉ፣ ከዚያ ትልልቆቹ ይከታተላሉ። ትልልቆቹ መጥተው እስኪሄዱ ቆሞ የማያይ ሰው ካለ፣ ሚስቱ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ባል ትፈልግ።"

ምክሩ ሁሉ ትክክል ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። ውሸታም ቢሆን ኖሮ ሰው ንቆት ይሄድ ነበር። "መነጽርህን ዓይንህ ላይ፣ መተንፈሻህን አፍህ ውስጥ አድርግ፣ ውሃው ወገብህ ሳይደርስ! አሁን ብትወድቅ በምንህ ነው የምትተነፍሰው፣ በቂጥህ?" ይላል፤ ሰውዬው ይቀላል፣ ያደርጋል፣ ማዕበሉ ሲጥለውም ይተርፋል። ከዚያ ወዲያ የሰደበውን ሰው ያመሰግናል። እያሳሳቀ እንደ ውሃ ይወስዳል የሚባለው ሰው እሱ ነበር፣ የሚያሳስቀው ሌላውን፣ የሚወስደው ጀማሪውን።

የኛ ዳርቻ አንድ ልማድ ነበረው። "የዴንዚል እጅ" እንለዋለን። ጀማሪም ይሁን ነባር፣ ማንም ሰው ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት ጀርባውን ለዴንዚል ይሰጣል። ዴንዚል የአየር ሲሊንደሩን መክፈቻ ይይዝና መጀመሪያ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል፤ በመጨረሻም ሲሊንደሩን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ ያደርገዋል። ሰውዬው አየሩን ራሱ ከፍቶ፣ ተንፍሶ ሞክሮ ቢመጣም ለዴንዚል ቁም ነገር አይደለም። "ከእናንተ መሃል የሚታመን ቢኖር እኔ እቤቴ ተኝቼ እውል ነበር" ይላል። ትምህርቱ ይህን አይፈቅድም፤ የተከፈተ የሰው አየር ማንም አይንካ ነው የሚለው። እዚህ ግን ያቺ ጠፍ ጠፍ እንደ ቡራኬ ትቆጠር ነበር፤ ሳትደረግለት የገባ ሰው የለም።

የተሳሳተ ደግሞ ቅጣቱን ይጠጣል። ከባሕር ከተወጣ በኋላ፣ ቋሊማው እየተጠበሰ፣ አጥፊው እርጥብ የጎማ ጫማውን አውልቆ ይሰጣል፤ ቢራ ይሞላለትና ከነአሸዋው ይጨልጠዋል። የእግር ክንፉን ዳር ላይ አጥልቆ ሲራመድ የወደቀ ይጠጣል። ለባሕሩ ጀርባውን የሰጠ ይጠጣል። ፈርቶ የተመለሰ ሁለቱንም ጫማ ይጠጣል።

ሎዌና የዚህ ሰው ልጅ ናት።

ልጅ ሆና የአባቷን ሲሊንደር ከመኪናው እስከ ድንጋዩ የምትሸከመው እሷ ነበረች፤ የሚጠልቀው ወንድሟ ክሌም። ለክሌም በልኩ የተሰፋ የጎማ ልብስ ተገዛለት፤ ለሷ ደግሞ ልብሱን የምታጥብበት ገንዳ ተገዛላት። ክሌም ባሕሩን እንደ ሞት ይፈራው ነበር። ከመግባቱ በፊት ከድንጋዩ ጀርባ ሄዶ ሲያስመልሰው ያየችው እሷ ብቻ ናት፤ ለማንም አልተናገረችም። ልጁ ራሱን ሲችል ሩቅ ከተማ፣ ፐርዝ ሄዶ መኪና ሻጭ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ እግሩን እንኳ ባሕር ውስጥ አልነከረም። ዴንዚል ግን "ክሌም ቢሆን" ማለቱን እስከ ዛሬ አልተወም። ሾርባው ሲቀጥን ክሌም ቢሆን፣ መኪናው ሲበላሽ ክሌም ቢሆን።

ሎዌና ቀረች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። እናቷ ስትሞት ሽማግሌውን የሚያበላ ሰው ስለጠፋ እሷ አበላችው፤ ሊያገባት ይፈልግ የነበረ አንድ የእህል ጎተራ ሠራተኛም መጠበቅ ሰልችቶት ሄደ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ "ጥርሴን ልታከም" እያለች ወደ ትልቁ ከተማ ወደ አደሌድ ትመላለስ ጀመር።

"ይህን ያህል ጥርስ አዞም የለው" አላት አባቷ።

ስትመለስ የመጥለቅ ፈቃዷን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ዴንዚል በሰው ፊት "ልጄ ጠላቂ ናት" እንዲል። ገንዘብ አልፈለገችም፣ ፍቅርም ቢሆን ተስፋ ከቆረጠች ቆይታለች። ያቺን አንዲት ቃል ብቻ።

ፈቃዱን አገላብጦ አየው። "ፎቶው አንቺን አይመስልም" አለ። "ፈገግ ብለሻል።"

"አባዬ፣ እሑድ ይዘኸኝ ትገባለህ ወይ?"

"ውሃው ይቀዘቅዝሻል።"

"ይዘኸኝ ትገባለህ ወይ ነው ያልኩህ።"

"እሺ እንገባለን። ጫማሽን ግን እጠቢው፤ መጠጣትሽ አይቀርም።"

እሑድ ሆነ። ከነባሮቹ ሌስ ባውደን ነበር፤ ከዴንዚል ጋር በጨው ፋብሪካው አብረው ያረጁ ናቸው። ከጀማሪዎቹ ደግሞ ፔትራ የምትባል፣ ለመንደሩ አዲስ የሆነች አስተማሪ ነበረች። ሌሎችም ነበሩ፣ ግን ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ሎዌና ዕቃዋን ሳትነካ ድንጋዩ ላይ ቆማ ባሕሩን አየች። ትልልቆቹ ማዕበሎች የት ላይ እንደሚሰበሩ፣ ከነሱ በኋላ ምን ያህል ፋታ እንደሚሰጡ አየች። ለመውጫዋ ኮረብታው ላይ ያለውን ነጭ የውሃ ማጠራቀሚያ ምልክት አደረገች፤ ያኛው መውጫ ቢበላሽባት ደግሞ ከጀልባ መውረጃው እንደምትወጣ ለራሷ ነገረች። አየሯን እስከ መጨረሻው ከፈተች፤ የአየሩን መጠን የሚያሳየውን ጌጅ እያየች ደጋግማ ተነፈሰች። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

"ምንድን ነው የምታነቢው፣ ዳዊት ነው?" አለ ዴንዚል። "ነይ፣ ጀርባሽን ስጪኝ።"

ጀርባዋን ሰጠችው። ሲዘጋ ሰማች፤ ሲከፍት ሰማች። ከዚያ ጠፍ ጠፍ። ሌላ ቀን ለሌላው ሰው ሁሉ ሲያደርግ እያየች ያደገችውን ለሷ አደረገላት፤ ልቧ ሞቀ። አዎ፣ ሞኝ ናት። ሠላሳ ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው ሞኝ ቢሆን አይፈረድበትም።

ውሃው ደረታቸው ሲደርስ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ክንፋቸውን አጠለቁ፤ ከባሕሩ ሣር በላይ በጀርባቸው ዋኝተው ከማዕበሉ ራቁ፤ ከዚያ ወረዱ። ጥልቀቱ አሥራ አራት ሜትር ገደማ ነው። ዴንዚል ከፊት፣ እሷ ከጎኑ። ውሃው ጥሩ ነበር። ከቋጥኙ ሥር ቅጠል የለበሰ የሚመስለውን፣ የባሕር ዘንዶ የሚሉትን ትንሽ ዓሣ አየች፤ ሰው ከሩቅ አገር ድረስ ሊያየው የሚመጣውን። ለአባቷ ልትጠቁመው እጇን ስታነሳ ትንፋሽዋ ከበዳት።

በጠባብ ሸምበቆ የመምጠጥ ያህል ሆነባት። እንደገና ሳበች፤ ይባስ ጠበበ። ጌጁን አየች። ስትስብ መርፌው ቁልቁል ይወድቃል፣ ስታስወጣ ተመልሶ ይነሳል። አየሩ ሞልቷል፣ መንገዱ ነው የተዘጋው። ላይ ላይ ቀስ ብለው ሲተነፍሱ የማይታወቅ ነገር ነው፤ ጥልቀቱ ሲጨምርና ሳንባ ብዙ ሲጠይቅ ነው የሚገለጠው። እስከ መጨረሻው እንደከፈተችው ታውቃለች። ከሷ በኋላ የነካውም አንድ እጅ ብቻ ነው።

እጇን ጉሮሮዋ ላይ አጋደመች። አየር የለኝም ማለት ነው፤ በየትኛውም ባሕር ለየትኛውም ጠላቂ። ዴንዚል ቀረብ ብሎ ጌጇን አየ። ሙሉ ነው። ጣቱን ወዝወዝ አደረገባት፤ መዳፉን ዝቅ ዝቅ አደረገ፣ ተረጋጊ። ትርፍ መተንፈሻ አይዝም። "ትርፍ አፍ ለፈሪ ነው" ባይ ነው። ጀርባዋን እየጠቆመች አየሬን ክፈትልኝ አለችው። ዓይኑን ገለበጠ። መነጽሩ ውስጥ በደንብ ታየቻት ያቺ የዓይን ግልበጣ፤ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃታለች። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወደፊት ቀዘፈ።

ወደ ላይ ልትሸሽ ትችል ነበር። ብዙ ሰው ይሸሻል፣ ሲሸሽም ትንፋሹን ይዞ ሳንባውን ይቀድዳል። እሷን ግን ከፍርሃቱ ንዴቱ ቀደማት። አሸዋው ላይ ተንበረከከች። መተንፈሻውን በጥርሷ ነክሳ ማሰሪያዎቹን ፈታች፤ ሲሊንደሩን ከታሰረበት ጃኬት ጋር በራሷ ላይ አሳልፋ ከፊቷ አቀፈችው። የእርሳስ ቀበቶዋ ወገቧ ላይ ስለነበር ውሃው አላነሳትም። መክፈቻውን ያዘች፤ ዞረ፣ ዞረ፣ አሁንም ዞረ። አየሩ ጉሮሮዋን ሞላው።

ዴንዚል ዘወር ሲል ያያት ዕቃዋን ታቅፋ ስትንበረከክ ነው።

ሲወጡ እሷ ሁሉን እንደ ደንቡ አደረገች። ፊቷን ለባሕሩ ሰጥታ፣ ማዕበሉ እስኪያልፍ ጠብቃ፣ መተንፈሻው ከአፏ ሳይወጣ በጉልበቷ ድንጋዩ ላይ ወጣች። ማንም አላያትም። ዴንዚል ቀድሟት ወጥቶ ሁሉም እሱን እየሰሙ ነበር።

"ልጄ ባሕር ውስጥ ልብሷን አወለቀች!" ይላል። "ሞቋት ነው መሰል! እኔ እኮ አባቷ ነኝ፤ ለማን ልትታይ ነው?"

ሳቁ እስከ መንገዱ ተሰማ።

"አየር አልነበረኝም አባዬ።"

"ጌጅሽ ሙሉ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ፈራሁ በይ። መፍራት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሰበብ ነው። ክሌም ቢሆን…"

"ጫማ! ጫማ!" አለ ሌስ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት።

ጫማዎቿን አወለቀች። ዴንዚል የቢራውን ጣሳ አነሳ፤ ቀለበቱን ሊስብ ሞከረ፣ ጣቱ አንሸራተተው፤ እንደገና ሞከረ። "ሌስ፣ ክብሩ ላንተ ይሁን" ብሎ እየሳቀ አቀበለው። ሎዌና ያኔ ነው ያየችው። ክረምቱን ሙሉ ሸሚዙን ቁልፉን ሳይፈታ በራሱ ላይ ሲያወልቅ ከርሟል። ስኒ ሰብሮ "ጀርባው እርጥብ ነው" ብሏታል። የጨው ፋብሪካው ማሽን ዕድሜውን ሙሉ ያንቀጠቀጠው እጅ ደንዝዟል። መክፈቻው ትንሽ ጠጠር ሲልበት የመጨረሻው የደረሰ ይመስለዋል፤ ጣቶቹ አይነግሩትም።

ሁሉም ነገር ገባት፤ አዘነችለትም። ይህ እጅ ከተወሰደበት ምን ይቀረዋል? ሚስት የለው፣ ሥራ የለው፣ ልጁ ክሌም ለገና እንኳ አይደውልም። የመጀመሪያውን ጫማ ጠጣች። ሁለተኛውንም ጠጣች። አሸዋው ጥርሷ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ እያጨበጨቡ ሳቁባት። ማታ እቤት ለብቻው እነግረዋለሁ ብላ ቻለችው።

ፔትራ ግን ማታን አልጠበቀችም። ቋሊማው ሳያልቅ ከሌስ ጋር ልትገባ ለብሳ ተነሳች።

"ጀርባሽን ስጪኝ አስተማሪ" አላት ዴንዚል።

ዘጋ። ከፈተ። መዳፉን ለጠፍ ጠፍ ሲያነሳ ሎዌና በባዶ እግሯ ደርሳ መካከል ገባች።

"አትንካት።"

"ምን አልሽ?"

"እጅህን ከሷ ላይ አንሳ አባዬ። ፔትራ፣ ጌጅሽን እያየሽ በኃይል ተንፍሺ።"

ፔትራ ተነፈሰች። መርፌው ወደቀ፣ ተነሳ፣ ወደቀ። ሁሉም አዩት። ሎዌና መክፈቻውን ይዛ ሰው እያያት አዞረችው፤ ዞሮ ዞሮ አላልቅ አለ።

"አሁን አንቺ ነሽ የዘጋሽው" አለ ዴንዚል። ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር።

"የኔንም ዘግተኸዋል። ታች ነግሬህ ጀርባህን ሰጠኸኝ።"

"በሰው ፊት ውሸታም ልታደርጊኝ ነው? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች! እኔ ይህን እጅ…"

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። ፔትራ ተርፋለች፣ እውነቱም ወጥቷል፤ ይበቃ ነበር። ሎዌና ግን የአባቷ ልጅ ናት። ከዕቃ ሳጥኗ ውስጥ አንዲት ትንሽ የጎማ ቀለበት አወጣች፤ አየር እንዳያፈስ መክፈቻው ላይ የምትደረገዋን፣ ጠላቂ ሁሉ የማይለያትን። የፒክአፑ መዝጊያ ላይ አስቀመጠቻት።

"አንሳትና ስጠኝ።"

"ሂጂ ከዚህ።"

"አንሳትና ስጠኝ። ከቻልክ ውሸታሟ እኔ ነኝ፤ ጫማዬን በየእሑዱ እጠጣለሁ።"

ሁሉም ቀረብ ብለው ከበቡት። ዴንዚል እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ቀለበቷን ነኳት፣ ያዝኩ ብሎ አነሳ፤ ቀለበቷ እዚያው ናት። እንደገና። በጥፍሩ ሊፍቃት ሞከረ፤ ተንከባልላ ሄደች። እየተከተለ በሁለት እጁ ሞከረ፣ ግንባሩን አላበው፤ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው መኪና ላይ ተደፍቶ ጎማ ሲያባርር ማየት ደስ አይልም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያመነ የለም። ሰው ሲሳሳት መሳቅን ያስተማራቸው ግን ዴንዚል ራሱ ነው።

ሎዌና ደስ አላት። መካድ አይቻልም፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ትንሽ ቆይታ ራሷን ጠላች፤ ግን ደስታው ቀድሞ ነው የመጣው።

"ክሌም ቢሆን" አለ ዴንዚል ቀና ሳይል፣ "በሰው ፊት አያዋርደኝም ነበር።"

"ክሌም ቢሆን ሞቶ ነበር" አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልማዱ ቀረ። አሁን እዚህ ዳርቻ ሁሉም አየሩን ራሱ ይከፍታል፣ ጌጁን እያየ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። ጀማሪዎቹን የምታስገባው ሎዌና ናት። አትሳደብም፣ ግን አትስቅም። ከአቅማችሁ በታች ግቡ ትላለች፤ ስትሄዱ የውሃውን ፍሰት ተቃውማችሁ፣ ስትመለሱ ከፍሰቱ ጋር፤ ለመውጫው ድንጋይ የሚበቃ አየር ሳይጎድልባችሁ ተመለሱ። ደስ ያላለው ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ ይቅር። ፔትራ ከሷ ጋር ትገባለች። ሌስም ይገባል፤ ስለዚያ ቀን ግን አያነሳም።

ዴንዚል ወደ ዳርቻው ተመልሶ አልመጣም። እቤት ተቀምጦ ሎዌና የምታበስለውን ይበላል፣ ሳህኑን ለማንሳት ስትመጣ መስኮት መስኮቱን ያያል። አያናግራትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌስ እየመጣ መጠጥ ቤት ይወስደዋል።

ባለፈው መጋቢት ጋሬት የሚባል አዲስ ጀማሪ መጣ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ተጫዋች ሰው። ባሕሩን ቆመው እያዩ ስሟን ሲሰማ ፊቱ በራ።

"ትሬዚዝ? የክሌም ትሬዚዝ እህት ነሽ እንዴ?"

"ክሌምን የት ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም። ትናንት መጠጥ ቤት አንድ ሽማግሌ አጫወተኝ፣ አባታችሁ መሰለኝ። እንዴት ያለ ወንድም ነው ያለሽ! ታች፣ አየሩ ተዘግቶበት፣ ዕቃውን አውልቆ፣ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ ራሱ ከፈተው አሉ። ሽማግሌው እንባ አወጣ እኮ። 'ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር እንደ ልጄ ያለ ጠላቂ አላየሁም' አለኝ። በሰው ሁሉ ፊት ነው የተናገረው።"

ሎዌና ወደ ባሕሩ እያየች ቆየች። ትልልቆቹ ማዕበሎች መጥተው ነበር።

"አየሩን ማን ዘጋው አለህ?"

ጋሬት ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። አያት፣ ፊቱ ቀላ።

"ረሳሁት" አለ።

"አልረሳኸውም።"

"እህቱ ናት አለኝ። ሥራውን ሳታውቅ ነካክታበት።"

ማዕበሎቹ አለፉ፤ ባሕሩ ፋታ ሰጠ። "መግቢያችን አሁን ነው" አለችው፤ ሲሊንደሩ ጀርባው ላይ ጋደል ብሎ ስላየችው ልታቃናለት እጇን ዘረጋች። ጋሬት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አለ፤ "ባትነኪው ደስ ይለኛል።"

"ልክ ነህ" አለች ሎዌና። እጇን ሰበሰበች፣ መነጽሯን አጠለቀች፣ ቀድማው ወደ ውሃው ወረደች።